የዋና ዋና አሰልጣኝ፦ አንቶኒ ኔስቲ ከወርቁ በኋላ

መስከረም 11 ቀን 1981 ዓ.ም.። እንቁጣጣሽ ካለፈ ገና አስር ቀኑ ነው። ሴኡል ላይ ስምንት ወንዶች የኦሎምፒክ የ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ ሊዋኙ መነሻው ላይ ቆመዋል። እኛ አልነበርንም። ኢትዮጵያ እንደ ሰሜን ኮሪያና እንደ ኩባ አልሄድም ብላ ቀርታለች፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የሎስ አንጀለሱንም እንደዚሁ። ስለዚህ ብዙዎቻችን የዚህን ሰው ስም ሳንሰማ ብናድግ አይገርምም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ አለዚያ እኔም እናንተም ግራ እንጋባለን።)

በዚያ ፍጻሜ ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ሰው ነበር፣ አሜሪካዊው ማት ቢዮንዲ። ሰባት ወርቅ ሊወስድ ይችላል እየተባለ የመጣ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ ሰው። ውድድሩንም እየመራ ነበር፣ ልክ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ርቀቱ አልገጥም አለው። አንድ ቀዘፋ ቢጨምር ይበዛል፣ ባይጨምር ያንሳል። ቢዮንዲ አልጨመረም፤ እጁን ዘርግቶ መንሸራተቱን መረጠ። ከጎኑ ያለው ሰው ግን የመጨረሻ ቀዘፋውን በሙሉ ጉልበቱ ጨርሶ ግድግዳውን መታው።

53.00 ለ53.01።

አንድ መቶኛ ሰከንድ። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ የአውራ ጣት ስፋት በሉት። ያሸነፈው አንቶኒ ኔስቲ ይባላል፣ የሱሪናም ልጅ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው። በኦሎምፒክ ዋና ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እሱ ነው። ከእሱ በፊት በኦሎምፒክ ዋና ሜዳሊያ የወሰደች ጥቁር አንዲት ብቻ ነበረች፣ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ለኔዘርላንድስ ሁለት ነሐስ ያመጣችው የኩራሳዎ ተወላጅ ኢኒት ብሪጊታ።

ኔስቲን ያነሳሁት ግን ለዚያች መቶኛ ሰከንድ ብዬ አይደለም። እሷ በየዓመቱ ትወራለች፣ ቪዲዮዋም በየቦታው አለ። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህ ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ ፓሪስ ላይ የአሜሪካ ወንዶች ኦሎምፒክ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ (የዋና ዋና አሰልጣኝ፣ አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ይቀልድብናል)፣ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁርም ሆነ። ሰው ይህንን ሲሰማ ወዲያው «ሻምፒዮን ስለነበረ ነዋ» ይላል። እኔ ታሪኩን ሳየው የማገኘው ሌላ ነገር ነው። ሜዳሊያው በር ከፍቶለት ይሆናል፣ አሰልጣኝ ያደረገው ግን ማንም ሳያየው ረዳት ሆኖ የቆየበት ሃያ ዓመት ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

ኔስቲ የተወለደው በ1967 በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን ነው፣ ገና ጨቅላ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሱሪናም ሄደ። ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ያለች፣ እስከ 1975 በኔዘርላንድስ ስትገዛ የቆየች ትንሽ አገር ናት። በዚያ ዘመን የሕዝቧ ቁጥር አራት መቶ ሺህ አካባቢ ነበር፣ በእኛ አገር አንድ ደህና ከተማ ማለት ነው። ልጁ ባደገበት በ1980ዎቹ ወታደሮች ሥልጣን ይዘው ነበር፣ ከ1986 ጀምሮ ደግሞ በጫካው በኩል የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ሃምሳ ሜትር የሚሞላ የመዋኛ ገንዳ በአገሪቱ ውስጥ የነበረው አንድ ነው። አንድ!

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ማንሳቴ አይቀርም። ስለ ዋና ሲወራ እኛ ጋ መልሱ ሁልጊዜ «ገንዳ የለማ» ነው። እኔ ራሴ ዋና የማውቀው ግዮን ሆቴል ገንዳ ዳር ተቀምጦ እግር ከመንከር ብዙም ያላለፈ ነው፣ ስለዚህ ለመፍረድ አፍ የለኝም። በኦሎምፒክ ዋና ብቅ ያልነው ራሱ በ2012 ለንደን ላይ ነው፣ በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ አንዱ ዋናተኛችን የዓለም መሳቂያ ሆኖ ሰነበተ። የኔስቲን ታሪክ አይቶ «አያችሁ፣ አንድ ገንዳ ይበቃል» ማለት ግን ስህተት ነው። አልበቃም። ባለ አንድ ገንዳዋ አገር ጎበዝ ልጅ አወጣች እንጂ ሻምፒዮኑን ብቻዋን አልሠራችም።

ይህንን የሚያሳየው ሎስ አንጀለስ 1984 ነው። ኔስቲ በ16 ዓመቱ ሄዶ በዚያው በ100 ሜትር ቢራቢሮ ተወዳደረ። 21ኛ ወጣ። ለአንድ የሱሪናም ልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ ከዓለም 21ኛ። ግን ፍጻሜው ውስጥ የሚገቡት ስምንት ናቸው፣ ከ21 ወደ 8 ያለው መንገድ ደግሞ በሱሪናም ዋና ከተማ በፓራማሪቦ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ፍሎሪዳ ሄደ፣ ጃክሰንቪል ወደሚገኝ ቦልስ ወደተባለ ትምህርት ቤት። ቦልስ በዋና ስሙ የታወቀ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ አሰልጣኙም ግሬግ ትሮይ የሚባል ሰው ነበር።

ይህንን ስም ያዙት። የጉዳዩ ግማሽ እሱ ነው።

ትሮይ ብዙ በማስዋኘት የሚታወቅ አሰልጣኝ ነው። የአጭር ርቀት ዋናተኛም ቢሆን መሠረቱ ረጅም ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ያምናል። ልጁን ቀጠቀጠው ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1987፣ ኔስቲ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በተደረገው የፓን አሜሪካን ጨዋታ በ100 ቢራቢሮ ወርቅ፣ በ200 ነሐስ ወሰደ። ከዚያ ሴኡል መጣ። የመጨረሻዎቹ አምስት ሜትሮች ላይ ቀዘፋው ያልተሰበረው፣ ቢዮንዲ ሲንሸራተት እሱ ገና እየቀዘፈ የነበረው፣ ዕድል ብቻ ነው ብዬ አላስብም። የደከመ ሰው ነው ግድግዳው ጋ ቀዘፋው የሚበላሽበት። ዕድልም ነበረበት እርግጥ፣ ርቀቱ ለእሱ ገጠመለት፣ ለቢዮንዲ አልገጠመለትም። ግን በዚያች ቅጽበት ሙሉ ቀዘፋ ለመጨረስ ጉልበት መቅረት አለበት።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ምን ይወራ እንደነበር ማወቅ ደግሞ ደህና ነው። ከሴኡል አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በፊት፣ ሚያዝያ 1987 ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ኃላፊ የነበረው አል ካምፓኒስ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥቁሮች ጎበዝ ዋናተኛ የማይሆኑት ሰውነታቸው ስለማይንሳፈፍ ነው የሚል ነገር ተናገረ። በቀጥታ ስርጭት። በቀናት ውስጥ ከሥራው ለቀቀ፣ ሐሳቡ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም፣ ብዙ ሰው በሆዱ የያዘው ነገር ነው። እውነቱ እኮ ሌላ ነው። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሕዝብ መዋኛዎች ለነጭ ብቻ ነበሩ፣ ክልከላው በሕግ ሲነሳ ደግሞ ከጥቁር ጋር ከመዋኘት ገንዳውን አድርቆ መዝጋት የመረጡ ከተሞች ነበሩ። ገንዳ የተነፈገ ሰው አይዋኝም፣ ወላጁ ያልዋኘ ልጅም አይዋኝም። ኔስቲ ስለዚህ ብዙ ሲናገር አይሰማም። ቁጥብ ሰው ነው፣ ንግግር አይወድም፣ ያኔም አሁንም።

ሱሪናም ግን አልቆጠበችም። ልጇ ሲመለስ አገሩ አበደ። ፊቱ በቴምብር ላይ ወጣ፣ መታሰቢያ ሳንቲም ተቀረጸለት፣ ፓራማሪቦ ያለው ብሔራዊ የቤት ውስጥ ስታዲየም በስሙ ተጠራ። የሱሪናም አየር መንገድም አንዱን ዲሲ 8 አውሮፕላኑን «አንቶኒ ኔስቲ» ብሎ ሰየመው።

ይህ አውሮፕላን ሰኔ 7 ቀን 1989 ከአምስተርዳም ተነስቶ ፓራማሪቦ ሊያርፍ ሲል፣ በጭጋግ ውስጥ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ተከሰከሰ። 187 ሰው ነበረበት። 176ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ውስጥ በኔዘርላንድስ ክለቦች የሚጫወቱ የሱሪናም ተወላጅ እግር ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ፣ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ አገራቸው እየመጡ የነበሩ።

ስለዚህ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ሃያ አንድ ዓመትህ ነው። ስምህ በአገርህ ላይ ከደረሰው ከባዱ የአውሮፕላን አደጋ ጋር ለዘላለም ተያይዟል፣ አንተ ምንም ሳታደርግ። ኔስቲ በውስጡ ምን እንደተሰማው አልገምትም። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ሰው የአገር ምልክት ሲደረግ ስሙ ከእጁ ይወጣል። ሰዎች በደስታቸውም በሐዘናቸውም ላይ ይጽፉታል። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ስሙ የማይጠራበት ሥራ ውስጥ ገብቶ ሃያ ዓመት መቀመጡን ሳይ ያን ያህል አይገርመኝም።

መካከሉን ቶሎ ልለፈው። ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ጌንስቪል። ከ1990 እስከ 1992 በተከታታይ ሦስት ጊዜ በ100 ያርድ ቢራቢሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ1991 ፐርዝ ላይ የዓለም ሻምፒዮን። በ1992 ባርሴሎና ነሐስ፣ በ53.41። ፓብሎ ሞራሌስ በ53.32 አሸነፈ፣ ፖላንዳዊው ራፋው ሹካዋ በ53.35 ሁለተኛ። ሦስቱንም አንድ አስረኛ ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው የለያቸው፤ ሴኡል ላይ የሰጠችው ውሃ ባርሴሎና ላይ ነሳችው። (ባርሴሎና ላይ እኛም ተመልሰናል፣ ደራርቱ ያሸነፈችበት ያው ኦሎምፒክ ነው።) ሱሪናም እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በኦሎምፒክ ታሪኳ ያላት ሜዳሊያ ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም የእሱ።

ከዚያ ዋና ማቆም መጣ። ወደ ጉዳዩ ልብ የገባነው አሁን ነው።

አብዛኛው የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሲያቆም ከፊቱ ጥቂት መንገዶች አሉ። ወይ ፌዴሬሽን ውስጥ ይገባል፣ ወይ ቢዝነስ ይጀምራል፣ ወይ ስሙን ይዞ በአንድ ጊዜ የቡድን አለቃ ይሆናል። የመጨረሻውን እኛም በደንብ እናውቀዋለን፣ «ትልቅ ሯጭ ነበር፣ አሰልጣኝ ይሁን» የሚል ነገር። እንደምታውቁት ሁልጊዜ አይሰምርም። በተፈጥሮ የሚመጣለት ሰው ለማይመጣለት ሰው ማስረዳት ይቸግረዋል።

ኔስቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ሰሞን አለቃ ሆኖ የመጣው ማን መሰላችሁ? ግሬግ ትሮይ። በልጅነቱ የቀጠቀጠው ሰውዬ። እናም ኔስቲ፣ በወርቅ ሜዳሊያው፣ በቴምብሩ፣ በሳንቲሙ፣ በ1998 በዓለም አቀፉ የዋና የክብር መዝገብ በሰፈረው ስሙ፣ ከትሮይ ሥር ረዳት ሆኖ ተቀመጠ። እስከ 2018። የራሱን ቡድን ሲረከብ ሃምሳ ዓመቱ ሆኖ ነበር።

ረዳት አሰልጣኝ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዋና ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ፦ ጎህ ሳይቀድ ገንዳ ዳር ትቆማለህ። በእጅህ ሰዓት መያዣ አለ፣ በወረቀት ላይ የቀኑ ልምምድ አለ፣ ወረቀቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ልጆቹ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፣ አንተ ሰዓት ትጠራለህ። ከሰዓት በኋላ ይደገማል። በመካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤት ትደውላለህ፣ ልጃችሁን እኛ ጋ አምጡልን እያልክ። ልጁ በትምህርቱ ሲወድቅ የሚጠራው አንተን ነው። ሲያሸንፍ ካሜራው የሚያየው አለቃህን ነው። ይህንን አንድ ዓመት መሥራት ይቻላል፣ አምስትም ይቻላል። የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኖ ሃያ መሥራት ግን ሌላ ዓይነት ሰው ይጠይቃል።

እዚህ ጋ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምትለዋን ተረት እንድጠቅስ ትጠብቁ ይሆናል። አትመጥነውም። እንቁላሉ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አይደለም የሄደው። ኔስቲ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያየውን አስቡት። የኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ ራያን ሎክቲ እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው ያደገው። የአጭር ርቀቱ ኮከብ ኬሌብ ድሬሰል ተማሪ ሆኖ የመጣው እዚያ ነው፣ በ2018 ሃምሳ ያርድን በ17.63 ሰከንድ የዋኘውም የፍሎሪዳን ቆብ አድርጎ ነው። ትሮይ በ2012 ለንደን ላይ የአሜሪካ ወንዶች ዋና አሰልጣኝ ነበር። ኔስቲ ይህንን ሁሉ ከአንድ እርምጃ ኋላ ሆኖ ያይ ነበር፣ የሚሠራውንም የማይሠራውንም። ልምምድ በዝቶበት የሚሰበረውን ልጅ፣ በዝቶለት የሚያብበውንም ልጅ። ይህ ከሜዳሊያ የሚገኝ እውቀት አይደለም።

ክርክሬን የሚያጠነክርልኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

ኔስቲ እሱ ራሱ ምን ይዋኝ ነበር? ቢራቢሮ፣ 100 ሜትር፣ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚያልቅ። ታዲያ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን በምን ታወቀ? በረጅም ርቀት ነፃ ቀዘፋ! በ800 እና በ1500 ሜትር። ከእሱ ውድድር በጣም የራቀውን ፈልጉ ብትባሉ ይህንን ነበር የምታመጡት። አንድ የመቶ ሜትር ሯጭ የአሥር ሺህ ሜትር አሰልጣኝ ሆኖ የዓለም አንደኛ ቡድን ሠራ እንደማለት ነው። የራሱን ትዝታ ብቻ የሚያስተምር አሰልጣኝ ይህንን ሊያደርግ አይችልም።

ቦቢ ፊንክ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ቶኪዮ ላይ፣ በ2021፣ ብዙ ሰው የማያውቀው የ21 ዓመት የፍሎሪዳ ተማሪ። የ800 ሜትር ፍጻሜ ላይ ከኋላ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ሰው ሁሉ ከሜዳሊያ ውጪ ነው ብሎ ተወው፣ ከዚያ የመጨረሻዋን ሃምሳ ሜትር በ26.39 ዋኝቶ ሁሉንም አለፋቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ 1500 ላይ ያንኑ ደገመው፣ የመጨረሻዋ ሃምሳ 25.78። ከ1450 ሜትር በኋላ ማለት ነው! የቀነኒሳን የመጨረሻ ዙር እያየ ላደገ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ነገሩ ያው ነው። ተከታዮቹ የሚያውቁህ ሲመስላቸው ሌላ ሰው ትሆንባቸዋለህ። በዚያው ኦሎምፒክ ሌላው የፍሎሪዳ ልጅ ኪራን ስሚዝ በ400 ነሐስ ወሰደ። ኔስቲ በዚያ ቡድን ውስጥ ረዳት ነበር፣ አሁንም ረዳት።

ከቶኪዮ በኋላ ያለው መኸር ላይ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በቤቱ፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ደግሞ በ2021 የሴቶቹንም ቡድን ደርበውለት ነበር። ያኔ ኬቲ ሌዴኪ መጣች። በሴቶች ረጅም ርቀት በታሪክ አንደኛ የምትባለዋ፣ ስታንፎርድን ጨርሳ፣ ማንም አሰልጣኝ እጁን ዘርግቶ የሚቀበላት ሴት ጌንስቪልን መረጠች። አንዱ ምክንያት ፊንክና ስሚዝ ናቸው። ከወንዶቹ ጋር በየቀኑ መዋኘት ፈለገች፣ ምክንያቱም በሴቶች ውስጥ የሚያሯሩጣት አልነበረም። ወዲያው ድሬሰልም ከትሮይ ወደ ኔስቲ ተዛወረ፣ ከቶኪዮ አምስት ወርቅ ይዞ። በአንድ ገንዳ ውስጥ በዓለም ረጅም ርቀትን የምትመራው ሴትና በዓለም አጭር ርቀትን የሚመራው ወንድ፣ ሰዓት የሚይዘው ያው ዝምተኛ ሰውዬ።

ሁሉም ነገር ግን አልሰመረም። የድሬሰልን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ማታለል ይሆንብኛል። በ2022 ቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ላይ ኔስቲ የአሜሪካ ወንዶች ዋና አሰልጣኝ ነው፣ ድሬሰል ሁለት ወርቅ ወስዶ በውድድሩ መሀል በድንገት አቋርጦ ወጣ። ከዚያ ለወራት ከውሃ ጠፋ። በአእምሮ ደክሞ ነበር፣ በኋላ ራሱ በግልጽ ተናግሮታል። ለአንድ አሰልጣኝ ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ በእጅህ ያለው ትልቁ ዋናተኛ፣ የኦሎምፒክ ሰዓት እየቆጠረ፣ ውሃ ማየት አልፈልግም ይልሃል። ትጎትተዋለህ? ትተወዋለህ? ልጁ ሲመለስ ወደዚያው ገንዳ፣ ወደዚያው አሰልጣኝ ነው የተመለሰው። በ2023 ለዓለም ሻምፒዮና ማለፍ አቃተው፣ አገር ጉድ አለ። በ2024 ማጣሪያ ላይ በ50 ነፃና በ100 ቢራቢሮ አሸንፎ ፓሪስ ገባ። ፓሪስ ላይ በግሉ ሜዳሊያ አላገኘም፣ በቅብብሎሽ ግን ወርቅ ወሰደ። ይህ ውጤት ነው ወይስ ውድቀት? በሰዓት ብቻ ከለካን ውድቀት ነው። እኔ አልለውም። ውሃ ጠልቶ የሄደ ሰው ተመልሶ መዋኘቱን የምትመዘግብ ሰዓት የለችም።

ፓሪስ ራሷ ደግሞ ለኔስቲ ቀላል አልነበረችም። የአሜሪካ ወንዶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ገባ፣ ገና ከጅምሩ ቡድኑ መንገዳገድ ጀመረ። የ4 በ100 ነፃ ቅብብሎሽ ወርቅ መጣ፣ ከዚያ ቀን ቀንን እየተካ የአሜሪካ ወንዶች በግል ወርቅ አጡ። አንድ ቀን፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ነገር ሊሆን ነው። በጋዜጣው ላይ ደግሞ የማን ስም ይወጣል? የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ስም። ቢወድቅ ኖሮ ምን እንደሚባል ልታስቡት ትችላላችሁ፣ አልዘረዝረውም።

የመጨረሻው ቀን፣ ነሐሴ 4፣ የ1500 ፍጻሜ። የቀረው አንድ የራሱ ልጅ ነው፣ ፊንክ። ሁሉም ሰው እንደ ቶኪዮ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል ብሎ አስቧል። ፊንክ ግን ገና በጊዜ ወጣ። መራ፣ መራ፣ ዞር ብሎም አላየ፣ የዓለም ሪከርዱን መስመር እየቀደመ ሠላሳ ጊዜ ገንዳውን አቋረጠ። 14 ደቂቃ ከ30.67 ሰከንድ። ቻይናዊው ሱን ያንግ በ2012 ለንደን ላይ ያስመዘገበውን 14:31.02 ሰበረ፣ ያውም ልክ በአስራ ሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን። በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድን ዋናተኛ የውድድር ጠባይ ገልብጦ ከአሳዳጅ ወደ መሪ መለወጥ፣ እኔ ይህንን ከሴኡሉ ወርቅ አስበልጬ ነው የማየው። ያኛው የአንድ ቅጽበት ነበር። ይህኛው የአንድ ሺህ ጠዋት ነው።

በዚያው ምሽት ደግሞ አሜሪካ በኦሎምፒክ ተሸንፋ የማታውቀውን የወንዶች የድብልቅ ቀዘፋ ቅብብሎሽ በቻይና ተሸነፈች። እንዲህ ነው፣ በአንድ ምሽት ሁለቱም። አሜሪካ በአጠቃላይ በዋናው ስምንት ወርቅ ይዛ አውስትራሊያን በአንድ ቀደመች። ከስምንቱ ሁለቱ የሌዴኪ ናቸው፣ የ800 እና የ1500፣ እሷም ጌንስቪል ነው የምትውለው።

አንድ ሌላ ነገር ፓሪስ ላይ ነበር፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ። የ100 ሜትር ቢራቢሮ የብር ሜዳሊያ፣ 49.99፣ ጆሽ ሊየንዶ። ካናዳዊ፣ ጥቁር፣ ልጅነቱን በከፊል ትሪኒዳድ ያሳለፈ፣ ኔስቲ የተወለደባት ትሪኒዳድ ማለት ነው። ትምህርቱም ልምምዱም ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ አሰልጣኙም ኔስቲ። ሃንጋሪያዊው ክሪስቶፍ ሚላክ በ49.90 ቀደመው። ኔስቲ በዚያ ፍጻሜ የአሜሪካን ልብስ ለብሶ ነው የቆመው፣ የራሱ ውድድር ላይ የራሱ ልጅ ለካናዳ ሲዋኝ እያየ። በየትኛው እጁ እንዳጨበጨበ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚተቹትም አሉ፣ ትችቱም መሠረት የለውም አልልም። የፍሎሪዳ ወንዶች ከ2013 እስከ 2024 በየዓመቱ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ (የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር) ሻምፒዮን ነበሩ፣ ግን ያንን ያስጀመረው ትሮይ ነው። ኔስቲ እስከ 2025 ድረስ አገር አቀፉን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ በቡድን አላነሳም። ትልልቆቹ ኮከቦች ደግሞ ሌላ ቦታ ተሠርተው ነው የመጡት የሚል አለ። ሌዴኪን በተመለከተ እውነት ነው፣ ስትመጣ ሁሉንም ነገር አሸንፋ ነበር። ግን ዋናተኛን ሠርቶ ማምጣት አንድ ሙያ ነው፣ የተሠራውን ሳይበላሽ ማቆየት ሌላ ሙያ ነው፣ ሁለተኛው በዚህ ስፖርት ውስጥ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። በግንቦት 2025 ሌዴኪ በ28 ዓመቷ፣ ፎርት ሎደርዴል ላይ፣ በ2016 ሪዮ ላይ በ19 ዓመቷ ያስመዘገበችውን የራሷን የ800 ሜትር ሪከርድ ወደ 8:04.12 አወረደችው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 0.67 ሰከንድ። ሰው በዚያ ዕድሜ በረጅም ርቀት ዋና ራሱን ሲያሸንፍ አይታይም።

ቀጣዩ ኦሎምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው። ሌዴኪ እዋኛለሁ ብላለች። ኔስቲ ያኔ ስልሳ ዓመት ሞልቶት ይሆናል። በ16 ዓመቱ፣ ከሱሪናም መጥቶ፣ 21ኛ የወጣው እዚያው ከተማ ነበር።